ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡ



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ 36 እንቁላሎች፣ ስለ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪና ስለ አንዲት ቋሚ መስመር ነው። መስመሯ በኮምፒውተር የፊደል ገበታ ላይ አለች፤ ብዙዎቻችሁ ግን ነክታችኋት አታውቁም። እኔ እሷን መጻፍ ረስቼ የጎረቤቴን ንብረት አጠፋሁ። ያ አልበቃ ብሎኝ ጥፋቴን በልጅ ላይ አላከክሁ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። በአራተኛው የጨረስሁት ልጁ ራሱ «ይጻፉት ጋሼ፣ ሌሎችም ይማሩበት» ስላለኝ ነው።

የምኖረው ሰቆጣ ነው። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች ቀን ፀሐዩ ይከርራል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል። ገበያ ብትወጡ አማርኛውና ኽምጣናው ጎን ለጎን ሲነገር ትሰማላችሁ። ወደ ተከዜ ስትወርዱ ደግሞ አገሩ እየሞቀ፣ ፍየሉ እየበዛ ይሄዳል። ሌላ ቦታ ያላችሁ ወጣቶች የከተማችንን ስም የሰማችሁት ምናልባት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ሲባል ይሆናል። መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2022 ዓ.ም. ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል የተጠራው በዚችው ከተማ ስም ነው። እንግዲህ እንቁላል በእኛ ሰፈር ተራ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ተረዱልኝ።

በጦርነቱ ዓመታት መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦብን ነበር። ያን ጨለማ ያየ ሰው ፀሐይን እንደ ዘመድ ይቆጥራታል። ቤተ ክርስቲያናችንም በጣሪያዋ ላይ ሁለት የሶላር ፓነሎች፣ በዕቃ ቤቷ ውስጥ ደግሞ አንድ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አላት። መብራት ሲጠፋ የምንዘምረው በእሱ ነው።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት እናት ይኖራሉ። ከአበርገሌ ተፈናቅለው የመጡ ናቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳድጋሉ። የኦርቶዶክስ ምእመን ናቸው። እኛ «ጴንጤዎቹ» ነን፤ ቢሆንም ቡና ባፈሉ ቁጥር በአጥሩ ላይ ይጠሩናል፤ የእኛ ልጆችም ውኃ ይቀዱላቸዋል። አንድ ቀን ቡና እየጠጣን ሳለ እንዲህ አሉኝ፦ «አገሬ ሳለሁ ግቢዬ ዶሮ ብቻ ነበር። አሁን የምትታቀፍ አንዲት እንኳ የለችኝ።»

እኔ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተምሬያለሁ። በቤተ ክርስቲያን ደግሞ የወጣቶች አስተማሪ ነኝ። ሁለቱ ሥራዎቼ በአንድ ጊዜ የሚገናኙበት አጋጣሚ መጣልኝ ብዬ ደስ አለኝ። «እማማ፣ እንቁላሉን ብቻ ያምጡ፤ የምትታቀፈውን እኛ እንሠራልዎታለን» አልኋቸው።

ከወጣቶቹ መካከል አንዱ፣ ያ የነገርኋችሁ የ10ኛ ክፍል ልጅ፣ ከሁሉ በላይ ተጋ። ዝምተኛ ነው። በጉባኤ መካከል እጁን አያወጣም፤ እጁ ግን ወርቅ ነው። የተበላሸ ራዲዮ ፈትቶ ይገጥማል። በኮምፔርሳቶ ድርብ ግድግዳ ያለው ሣጥን ሠራን፤ በግድግዳዎቹ መሃል ጭድ ጠቀጠቅንበት። ለሙቀት የመኪና አምፖል፣ ለእርጥበት ውኃ የያዘ ሳህን አስገባንበት። የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈለው በ21 ቀን ነው፤ ሙቀቱም 37 ተኩል ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በቀን ሦስት ጊዜ ማገላበጥም ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሽሉ ከቅርፊቱ ይጣበቃል። የማገላበጡን ሥራ ልጁ በፈቃዱ ወሰደ።

የእኔ ድርሻ አእምሮውን መሥራት ነበር። አርዱዪኖ ኡኖ የምትባል ሰሌዳ ነበረችኝ። አርዱዪኖ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣልያ ውስጥ ኢቭሬያ በምትባል ከተማ፣ ተማሪዎች በርካሽ እንዲማሩበት ታስቦ የተጀመረ ነው። በላዩ ያለው ኤቲሜጋ 328 የሚባለው ማይክሮኮንትሮለር ደግሞ ሥረ መሠረቱ ኖርዌይ፣ ትሮንድሃይም ከተማ የነበሩ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሐሳብ ነው። ይህን የምነግራችሁ «እኔ ገና ተማሪ ነኝ» ለምትሉት ነው። የፕሮግራም ማስቀመጫው 32 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ በስልካችሁ ያነሣችሁት አንድ ፎቶ አይገባበትም። ለእንቁላል ግን ይበቃል፤ ይተርፋልም።

አሁን ትንሽ ታገሡኝ፤ የዚህ ታሪክ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ይህች ትንሽ ዕቃ አንድን አምፖል እንዴት ታበራለች? በውስጧ ሬጅስተር የሚባሉ ማስታወሻዎች አሉ። እያንዳንዱ ሬጅስተር ቢት የሚባሉ ስምንት ቦታዎች በአንድ ረድፍ የተደረደሩበት ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ 0 ወይም 1 ይቀመጣል። ተራ ማስታወሻ ቁጥር ይዞ ዝም ይላል። እነዚህ ግን ከብረት እግሮቿ ጋር የተሳሰሩ ስለሆኑ 1 ስትጽፉ በእግሯ ላይ 5 ቮልት ይቆማል፣ 0 ስትጽፉ ይወርዳል። ቃሉ ሲጻፍ ነገሩ ይሆናል ማለት ነው።

ለእያንዳንዱ የእግሮች ምድብ ሦስት ሬጅስተሮች ተመድበውለታል። የመጀመሪያው የአቅጣጫ ሬጅስተር ነው፤ ይህ እግር ይናገራል ወይስ ያዳምጣል የሚለውን ይወስናል። 1 ከሆነ ይናገራል፣ 0 ከሆነ ያዳምጣል። ሁለተኛው የመውጫ ሬጅስተር ነው፤ የሚናገረው እግር ምን እንደሚናገር ይጻፍበታል። ሦስተኛው የመግቢያ ሬጅስተር ነው፤ በእግሮቹ ላይ በእርግጥ ያለውን ነገር የምናነብበት ነው።

እግሯ ግን አቅሟ ትንሽ ነው፤ ከ40 ሚሊአምፔር በላይ ከተጠየቀች ትቃጠላለች። የመኪና አምፖል የሚፈልገው አምፔሮችን ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ትራንዚስተርና ሪሌ አስገባን። ሪሌ ማለት ትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያዝበት ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ በውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔት ይሆንና ብረቱን ስቦ ያገናኛል። ሲያገናኝም ሲለቅም «ጠቅ» ይላል። ይህን ድምፅ አደራ አትርሱት። ሪሌው ሲለቅ ከጥቅሉ የሚመለሰው ኃይል ትራንዚስተሩን እንዳያቃጥል ዳዮድ ይደረግለታል፤ እሱን ልጁ ነበር የበየደው፣ አንድም ስሕተት አልነበረበትም።

ኮዱን እኔ ጻፍሁ። አርዱዪኖ አንድን እግር ብቻ የሚያበራና የሚያጠፋ ለስላሳ ትእዛዝ አለው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚማረው እሱን ነው። ትእዛዙ ዘገምተኛ ነው፤ ግን ጠንቃቃ ነው። ሌላው መንገድ በቀጥታ በሬጅስተሩ ላይ መጻፍ ነው። በዚህ መንገድ አንዲት ቢት ለመቀየር የሚፈጀው የአንድ ሰከንድ አንድ ስምንት ሚሊዮንኛ ነው። እኔ ቀጥታውን መረጥሁ።

ለምን? አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። እንቁላል ለመሞቅ 21 ቀን ይጠብቃል፤ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ቢዘገይበት ግድ የለውም። ፍጥነት አላስፈለገኝም ነበር። የፈለግሁት ወጣቶቹ ከትከሻዬ በላይ ሆነው ስክሪኑን ሲያዩ «ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?» እንዲሉኝ ነበር። አሉኝም። ዜሮና አንዱን ስደረድር አፋቸውን ከፍተው አዩኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ትዕቢት ብዙ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን በር የምትገባው የአገልግሎት ልብስ ለብሳ ነው።

የሣጥኑ አምፖል የተያያዘው ከቢት 4 ጋር ነው። ቢት የሚቆጠረው ከቀኝ፣ ከዜሮ ጀምሮ ስለሆነ ሲበራ መዝገቡ 00010000 ይሆናል። ሙቀቱ ከ37.2 ሲወርድ ያበራል፣ ከ37.8 ሲያልፍ ያጠፋል። ኮዱ አሁን አምፖሉ በርቷል ወይስ ጠፍቷል የሚለውን በራሱ ማስታወሻ ይይዛል፤ ከበራ በኋላ እንደገና «አብራ» እያለ አይጨቀጭቅም። 11 ቀን ያለ እንከን ሠራ። እማማ በየቀኑ እየመጡ በትንሿ መስኮት ያያሉ፣ ያማትባሉ፣ ይሄዳሉ።

በ12ኛው ቀን፣ ረቡዕ ነበር፣ አንድ ነገር ጨመርሁ። ረቡዕና ዓርብ ማታ የወጣቶች ፕሮግራም አለን። የአዳራሹ መብራት ባትሪውን እየጨረሰ እንቁላሎቹን እንዳይጎዳ ሰጋሁ። ስለዚህ የአዳራሹን መብራት በቢት 6 ላይ አያያዝሁት፤ ቁልፉ ሲጫን ይበራል፣ ከ2 ሰዓት በኋላ በራሱ ይጠፋል። ሐሳቡ ለእንቁላሎቹ ተብሎ ነው። ከቀትር በኋላ ሞከርሁት፤ በራ፣ ጠፋ። «ጨርሻለሁ» ብዬ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

ሐሙስ በጠዋት ልጁ እየሮጠ ቤቴ መጣ። ሣጥኑ ቀዝቅዟል። ቴርሞሜትሩ 19 ዲግሪ ያሳያል። ሄጄ የሰሌዳዋን ማስነሻ ስጫነው አምፖሉ ወዲያው በራ፤ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው ሠራ። እንግዲህ ኮዱ ደኅና ነው፣ ሽቦውም ደኅና ነው ብዬ አሰብሁ። ታዲያ ሌሊቱን ምን ሆነ?

«ማታ መጨረሻ ላይ የነካው ማን ነው?» አልሁ።

«እኔ ነኝ። ከፕሮግራም በኋላ ላገላብጥ ገብቼ ነበር» አለ ልጁ። ቀጠለና፣ «ጋሼ፣ ያኔም አምፖሉ ጠፍቶ ነበር። ሙቀቱ ደርሶ ነው ብዬ...»

አላስጨረስሁትም። እማማ በር ላይ ቆመዋል፤ ሌሎች ወጣቶችም ተሰብስበዋል፤ እኔ ደግሞ መሐንዲሱ ነኝ። «ስትከፍት ሽቦ ነቅለህ ነው። ሳታይ መልሰህ ዘግተኸዋል። አደራ የተሰጠው ሰው እንዲህ አያደርግም» አልሁት፤ በሰው ፊት። እሱ አንገቱን ደፋ። እማማ ምንም አላሉም፤ ልጁን ብቻ አዩት። ያን ቀን ማታ እንቁላል ያገላበጥሁት እኔ ነኝ።

ዓርብ ማታ ልጁ ፕሮግራም አልመጣም። እኔ ከሣጥኑ አጠገብ፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሆኜ ውኃ እየጨመርሁ ነበር። መዝሙር አልተጀመረም፣ ጸጥታ ነው። በትንሿ መስኮት የአምፖሉ ብርሃን ይታየኛል። አንዲት እህት በአዳራሹ በኩል የመብራቱን ቁልፍ ተጫነች።

ጠቅ። ጠቅ።

አንድ መብራት በርቶ ሁለት ድምፅ ሰማሁ። አንገቴን ሳዞር ሣጥኑ ጨለማ ነበር።

እጄ ላይ የነበረው የውኃ ጣሳ ከብዶኝ መሬት አስቀመጥሁት። ማንም ሰው ሣጥኑን አልነካም። ልጁ ቤቱ ነው ያለው። ላፕቶፔን ከፍቼ ረቡዕ የጨመርኋትን መስመር አየሁ። የመውጫ ሬጅስተሩ፣ ከዚያ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ 01000000።

ገባችሁ? እኔ ማለት የፈለግሁት «ቢት 6ን አብራ» ነበር። የጻፍሁት ግን «ስምንቱም እንዲህ ይሁኑ» የሚል ነው። ቢት 6 አንድ ሆነ፤ የቀሩት ሰባቱ ሁሉ፣ አምፖሉ ያለበት ቢት 4 ጭምር፣ ዜሮ ሆኑ። ሬጅስተሩ 00010000 ከነበረ 01010000 መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን የነበረውን ደመሰስሁት። ከእኩል ምልክቱ በፊት አንዲት ቋሚ መስመር ብትኖር ኖሮ ትእዛዙ ሌላ ይሆን ነበር፦ በመጀመሪያ ያለውን አንብብ፣ በእሱ ላይ የእኔን አንዲት ቢት ጨምር፣ ከዚያ መልሰህ ጻፍ። ማንበብ፣ መቀየር፣ መጻፍ። ያቺን መስመር ነው የረሳሁት። ረቡዕ ቀን ስሞክረው ያልታየኝ ፀሐዩ ሣጥኑን አሙቆት አምፖሉ አስቀድሞ ጠፍቶ ስለነበር ነው፤ ጠፍቶ የነበረውን ባጠፋው ማን ያውቃል?

ይብስ ያደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። አምፖሉ ከጠፋ በኋላ ሙቀቱ ሲወርድ ኮዱ ለምን መልሶ አላበራውም? የራሱ ማስታወሻ «በርቷል» ስለሚል ነው። ሙቀቱ 30 ሆነ፣ 25 ሆነ፣ 19 ሆነ፤ እሱ ግን «እኔ አብርቻለሁ» ብሎ ቁጭ ብሏል። ሬጅስተሩን አንድ ጊዜ እንኳ መለስ ብሎ አላነበበም። ከውጭ ሲታይ ሁሉም ይሠራል፤ ውስጡ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሞታል። በራእይ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ለሰርዴስ ቤተ ክርስቲያን የተላከውን መልእክት ብዙ ጊዜ አስተምሬበታለሁ፤ ስሟ ሕያው፣ ኑሮዋ ግን ሌላ ስለሆነው ጉባኤ። ያን ማታ ግን ስለ እኔ የተጻፈ ሆኖ አነበብሁት። አስተማሪ፣ አገልጋይ፣ መሐንዲስ የሚል ማስታወሻ በውስጤ አለ። ልጁን በሰው ፊት ሳዋርደው ግን ያ ማስታወሻ አልተቀየረም፤ «በርቷል» ይላል።

ወገኖቼ፣ መስመሯን ለማስተካከል ያስፈለገኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም። አስተካከልኋት። ከዚያ በኋላ የመጣብኝን ሐሳብ ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። «ማንም አያውቅም» አለኝ። እውነት ነው፤ ከእኔ በቀር በዚያ ሰፈር ያችን መስመር የሚያነብ ሰው አልነበረም። ልጁ ጥፋተኛ መሆኑን ራሱም እየተቀበለ ነበር፤ በልቡ «ሽቦውን ነክቼው ይሆናል» ማለት ጀምሯል። አንድ ሁለት ሳምንት ዝም ብል፣ በኋላም «ይቅር ብዬሃለሁ» ብለው እኮ ያመሰግነኛል! ይህን ሳስበው ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ሰው የራሱን በደል ለበደለው ሰው እንደ ምሕረት አድርጎ ሊሰጥ ይችላል ለካ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ልጁ ቤት ሄድሁ። ደጅ ላይ አገኘሁት። ላፕቶፑን ይዤ ነበር፤ መስመሯን አሳየሁትና ምን እንዳደረገች ነገርሁት። «አንተ ምንም አላጠፋህም። የጠፋው በእኔ ነው። ልትነግረኝ ስትል ደግሞ አላዳመጥሁህም» አልሁት። እሱ ስክሪኑን አየ፣ መሬቱን አየ። እንደ መዝሙር መጨረሻ ተቃቅፈን አለቀስን ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንዲያ አልሆነም። «እሺ ጋሼ» ብቻ አለኝና ገባ። ልክ ነበር። በሰው ፊት የሰበርሁትን ለብቻው በር ላይ ልጠግነው አልችልም።

ከእሱ ወጥቼ ወደ እማማ ሄድሁ። ቡና እየቆሉ ነበር። ስለ ሬጅስተር አላወራኋቸውም፤ «እማማ፣ እንቁላሎችዎን ያቀዘቀዝኋቸው እኔ ነኝ እንጂ ልጁ አይደለም። በልጁ ላይ ዋሽቻለሁ» አልኋቸው። መቁላታቸውን አላቆሙም። ቆይተው፣ «ልጁ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ሲያገላብጣቸው አይቸዋለሁ። በሁለት እጁ ነው የሚያነሣቸው።»

እኔ ከአጠገቡ ሆኜ 12 ቀን ስሠራ ያላየሁትን እሳቸው በአጥር ላይ ሆነው አይተውታል።

ረቡዕ በወጣቶች ፊት ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ፤ እማማንም ጠርቼ በር አጠገብ አስቀምጫቸው ነበር። ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። እንዲናገር አልጠየቅሁትም። ከጨረስን በኋላ ሁሉም ሲወጣ ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ እንቁላሎቹን ሲያገላብጥ አየሁት።

በ21ኛው ቀን ከ36ቱ እንቁላሎች 5 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። አምስት ብቻ። ለቀሩት 31 እንቁላሎች ዋጋውን ከኪሴ ከፈልሁ፤ እማማ እንቢ ሲሉ በልጅ ልጃቸው እጅ አስቀመጥሁላቸው። ይቅርታ ጠየቅሁ ማለት ኪሳራው ጠፋ ማለት አይደለም። ዘኬዎስም ከዛፉ ወርዶ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ያነሣው የመጀመሪያው ነገር የገንዘብ ጉዳይ ነበር።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ኮድ የምትጽፉ ጥቂቶች ትሆናላችሁ፤ በሰው ላይ የምትጽፉ ግን ሁላችሁም ናችሁ። ታናሽ ወንድማችሁን ስትቆጡ፣ በቡድናችሁ ውስጥ የተሳሳተችውን እህት ስትመክሩ፣ ከክርስትና ወደ ኋላ ስላለ ጓደኛችሁ ስታወሩ በሕይወቱ መዝገብ ላይ እየጻፋችሁ ነው። አንድ ነገር ማስተካከል ፈልጋችሁ ስምንቱንም ትደመስሳላችሁ። «አርፍደሃል» ማለት ስትችሉ «አንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነህ» ትላላችሁ። ያ «ሁልጊዜ» የምትለው ቃል ቋሚ መስመር የሌለው የእኩል ምልክት ናት። የነበረውን ትጋት፣ የነበረውን እምነት፣ በሁለት እጅ ማንሣቱን ሁሉ ዜሮ ታደርገዋለች።

ጳውሎስ በገላትያ መልእክት ምዕራፍ 6 መጀመሪያ ላይ በበደል የተገኘን ሰው በየዋህነት ስለ ማቅናት ሲጽፍ የተጠቀመበት የግሪክ ግስ፣ በማቴዎስ ምዕራፍ 4 የዘብዴዎስ ልጆች በጀልባቸው ላይ መረባቸውን ሲያበጁ የተነገረው ያው ግስ ነው። መረብ የሚያበጅ ሰው መረቡን አይጥለውም፤ ሁሉንም ቋጠሮ አይፈታም። በጣቶቹ እየዳሰሰ የተበጠሰችውን ቦታ ይፈልጋል፣ እሷን ብቻ ይቋጥራል፣ የቀረውን እንዳለ ይተወዋል። መዳሰሱ ማንበብ ነው።

ከሰቆጣ ጥቂት ወጣ ብላችሁ ውቅር መስቀለ ክርስቶስን ብታዩ ከአንድ አለት የተፈለፈለ ሕንፃ ነው። እዚያ ሥራ ላይ የቆመ ጠራቢ አንድን ዓምድ በስሕተት ቢመታው መልሶ ሊቀጥለው አይችልም ነበር። ስለዚህ ምን እንደሚያነሣ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተው አስቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ሰው ከአለት ይልቅ ስስ ነው።

ደግሞም የአቅጣጫ ሬጅስተሩን አስታውሱ። አንድ እግር እንዲናገር ተደርጎ ከተቀመጠ የምታነቡበት ራሳችሁ የጻፋችሁትን ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን ለመስማት አቅጣጫውን ወደ ማዳመጥ መመለስ አለባችሁ። ያን ሐሙስ ጠዋት ልጁ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሮኝ ነበር፦ «ያኔም አምፖሉ ጠፍቶ ነበር።» ብሰማው ኖሮ ዓርብን መጠበቅ አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን ልጁ ኮድ እየተማረ ነው። ባለፈው ሁለተኛውን ሣጥን ሠርተናል፤ የመውጫ ሬጅስተሩን የጻፈው እሱ ነው። ከእያንዳንዷ የመጻፊያ መስመር በላይ በአማርኛ ማስታወሻ አስቀምጧል፤ «ቢት 4 ብቻ»፣ «ቢት 6 ብቻ»። ኮዱን ጨርሶ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋና፣ «ጋሼ፣ ቋሚ መስመሮቹን ይቁጠሩልኝ» አለኝ። ከቅያሜው በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

በዚህ ሳምንት ከመካከላችሁ አንዳችሁ አንድን ሰው ልታርሙ ነው፤ አውቃለሁ። ከዚያ በፊት ወደ እሱ ሂዱ፣ ቁጭ በሉ፣ አንድ ጥያቄ ጠይቁትና እስኪጨርስ ድረስ ዝም በሉ። በሰው ፊት የደመሰሳችሁት ካለም በዚያው ሰው ፊት መልሱለት፤ ዓርብን አትጠብቁ።

ጌታ ይባርካችሁ።